ጥርስ ባዳ ነውን?

አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ሲሉ ይተርታሉ። ትርጓሜውም፥ ልብ በኀዘን ተቃጥሎ ሳለ ጥርስ የልቡን ነገር እንደማያውቅ እንግዳ ብቅ ብሎ ይስቃል ማለት ነው። እኛም ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማውና በኋላም መምህር ሆነን ለተማሪዎቻችን ስንነግረው ኖረናል። ነገር ግን አንድን ምሳሌ ለብዙ ዘመን በአፍ መናገር ሌላ፥ ምሳሌው የያዘውን ፍርድ በገዛ ቤት መመርመር ደግሞ ሌላ መሆኑን የተረዳነው በእርጅናችን ዋዜማ ነው። ያስተማሩንም አራት አሜሪካውያን ናቸው፤ ስለ አንድ ጨለማ ዓለም እየተሳሳቁ ተረት ሲናገሩ ሰምተናቸው ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንናገር። እህታችን በሞተች ጊዜ አንድ ልጇ ከእኛ ዘንድ ተቀምጦ በዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። አርባዋ ገና አልወጣም። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስንመለስ፥ ጥቁር የለበሱ ሴቶች በሳሎን ተቀምጠው ሳለ፥ ከጓሮ በኩል ካለችው ክፍል የወጣቶች ሣቅ ሲፈነዳ ሰማን። በሩን ብንከፍተው፥ የእህታችን ልጅ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጧል። በመካከላቸው ወረቀትና እርሳስ፥ ከዚያም ፈረንጆች ዳይስ የሚሉት፥ ገጹ የበዛ፥ ቀለሙ ያማረ የዕጣ ጠጠር ሰባት ሆኖ ተበትኗል። የዕጣ ጠጠር ካየን ዘንድ ለእኛ ነገሩ ቁማር ነበር፤ ያውም በለቅሶ ቤት! ምን እንደሚጫወቱ አልጠየቅንም። ጠጠሮቹን ለቃቅመን ወጣንና ከግቢው ጀርባ ካለው የመጸዳጃ ጉድጓድ ጣልናቸው። ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ልጁ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልመለሰልንም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረ። ትምህርቱንም በደኅና ፈጽሞ ወደ አሜሪካ ሄደ። በየበዓሉ ሳያጓድል ይደውላል። «ጋሼ፥ እንደምን ሰነበቱ?» ይላል፤ እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ ደኅና ነህ?» እንላለን፤ ስለ ብርዱና ስለ ሥራው ጠይቀን እንሰነባበታለን። ጠብ የለም፤ ክብርም አልጐደለም። ቢሆንም በመካከላችን አንድ የተዘጋ በር እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በቅርብ ጊዜ ታመን ጥቂት ሳምንታት በአልጋ ላይ ዋልን። ልጁም ይህን ሰምቶ በስልካችን አንድ ነገር ላከልን። «ጋሼ፥ ተኝተው ሳሉ ይስሙት፤ ጨዋታ ነው» የሚል ቃል ጽፎበታል። የላከው «ዘ አድቬንቸር ዞን» የሚባል ፖድካስት ነበር። አዘጋጆቹ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በሃንቲንግተን ከተማ ያደጉ ሦስት ወንድማማቾች፥ ጀስቲን፥ ትራቪስና ግሪፊን ማክኤልሮይ ናቸው። አራተኛው ለብዙ ዓመታት በሬዲዮ ሲሠራ የኖረው አባታቸው ክሊንት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ጀምረው፥ የመጀመሪያውን ረጅም ታሪክ በ69 ክፍል በ2017 ፈጸሙት። የታሪኩም መጀመሪያ በሥዕል ተዘጋጅቶ በ2018 በመጽሐፍ በወጣ ጊዜ፥ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የሽያጭ ዝርዝር አንደኛ እስከ መሆን ደርሷል።

የመጀመሪያውን ክፍል ስንሰማ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሯችን የያዘው የጠጠር ድምፅ ነው። ጠጠር በጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ሰማንና ደነገጥን። ያ ልጅ የላከልን፥ እኛ ከጉድጓድ የጣልነውን ጨዋታ ኖሯል!

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት በ1974 ታተመ። ደንቡም እንዲህ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ መሪ ይሆንና አገሩን፥ መንደሩን፥ ዘንዶውንና ሽፍታውን በቃል ይሥላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰው በሐሳብ ፈጥረው፥ ስሙን፥ ሙያውን፥ ብርታቱንና ድካሙን በወረቀት ጽፈው ይይዛሉ። መሪው «ከፊታችሁ የተሰበረ ድልድይ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል አንዱ «እዘላለሁ» ይላል። መዝለሉ መሳካቱን ግን እርሱ አይወስንም፤ ባለ 20 ገጹን ጠጠር ይጥላል፤ በወጣው ቍጥር ላይ የችሎታውን ነጥብ ይደምራል፤ ድምሩ መሪው ከወሰነው ልክ ከደረሰ ተሻገረ፥ ካልደረሰ ወደቀ። 20 የወጣለት እንደ ታላቅ ዕድለኛ፥ 1 የወጣበት እንደ ታላቅ ምስኪን ይቈጠራል። ገንዘብ አይያዝበትም፤ ተጫዋቾቹም እርስ በርሳቸው አይሸናነፉም። ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም አንድን ተረት በጋራ መናገር ነው።

ይህን በተረዳን ጊዜ ብቻችንን ተኝተን ሳለ እንኳ ኀፍረት ተሰማን። እኛ በልጅነታችን በእሳት ዳር ተቀምጠን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የመለስን ሰዎች ነን። የእህታችን ልጅ ያደረገውም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ልዩነቱ፥ በእኛ ዘመን ተራኪው አንድ ሲሆን አድማጩ ዝም ብሎ የሚሰማ መሆኑ፥ በእነርሱ ጨዋታ ግን አድማጩ ራሱ ከተረቱ ገብቶ መንገዱን የሚመርጥ መሆኑ ነው። በእርግጥ በዚህ ጨዋታ ላይ ሳይመረምሩ የፈረዱት እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካም በ1980ዎቹ ጨዋታው ልጆችን ወደ ጥንቆላና ወደ ጥፋት ይመራል ብለው የከሰሱ ወላጆችና ሰባኪዎች ነበሩ። የብዙዎች ስሕተት ግን የአንዱን ስሕተት አያቀልለትም።

አሁን ወደ ተረቱ እንመለስ። አራቱ ሰዎች የሚሣቁበት ዓለም ፈጽሞ የሚያሣቅ አይደለም። በዚያ ዓለም ታላቅ ኃይል ያላቸው ሰባት ዕቃዎች አሉ፤ የነካቸውን ሁሉ በምኞት ያሰክራሉ። በእነርሱ ምክንያት ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ከዚያም የባሰው ነገር፥ ጦርነቱ ከሰው ሁሉ አእምሮ እንዲጠፋ ተደርጎ፥ ያዘኑት ሰዎች የኀዘናቸውን ምክንያት እንኳ የማያስታውሱ መሆናቸው ነው።

በዚህ ጨለማ ውስጥ የሚጓዙት ሦስቱ ጀግኖች ግን የጀግና ወግ የላቸውም። ጀስቲን የሚጫወተው አስማተኛ ስሙ የተወሰደው ታኮ ከሚባለው የሜክሲኮ ምግብ ነው። አባትየው የሚጫወተው ድንክ ካህን ቁስለኛን መፈወስ ሥራው ሆኖ ሳለ ለመፈወስ እጅግ የዘገየ ነውና ልጆቹ ይቀልዱበታል። ትራቪስ የሚጫወተው ማግነስ የሚባለው ጦረኛ ደግሞ ከማሰቡ በፊት የሚሮጥ ሰው ነው። መሪው ግሪፊን አስፈሪ ነገር በከባድ ድምፅ መናገር ሲጀምር፥ ወንድሞቹ በአንድ ቃል ያፈርሱበታል፤ እርሱም ሣቁን መግታት ያቅተዋል። እኛም በአልጋችን ላይ ሆነን፥ ጎናችን እያመመን እንኳ ስንስቅ የቤት ሰዎች ምን ነካቸው ብለው በበሩ ብቅ ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ግን ከእነዚያ ዕቃዎች አንዱ፥ እሳት የሚያነሣው ጓንት፥ ፋንዳሊን የምትባለውን ከተማ በሙሉ አቃጥሎ ጥቁር መስታወት አደረጋት። ቀልደኞቹ ሊያድኗት አልቻሉም። ሲቀልዱ የነበሩት ሰዎች ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር ታወቀን፤ ይኸውም ስለ ፋንዳሊን ያዘንነው አስቀድሞ በፋንዳሊን ስለ ሣቅን ነው። የሣቅንበት ቦታ ቤታችን ይሆናል፤ ለቤታችን ደግሞ እናዝናለን። ያለ ሣቅ የተነገረ መከራ ቢሆን ኖሮ ጆሯችን ሰምቶት ባለፈ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ልባችንን የነካው መጠጊያ የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጣት የአንዲት መንደር ታሪክ ነው። ይህች መንደር እኩለ ቀን ሲሆን ትጠፋለች፤ ሰዎችዋም ሁሉ ይሞታሉ። ወዲያውም ጊዜው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለስና ሁሉም እንደ ገና ይጀምራል። ሦስቱ መንገደኞች በዚህ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ይሞታሉ፤ በሞታቸውም ይቀልዳሉ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ከሰባቱ ዕቃዎች አንዱ የሆነው የጊዜ ጽዋ ነው። ጽዋው በመጨረሻ ለእያንዳንዳቸው፥ ወደ ኋላ ተመልሰህ የሚጸጽትህን ቀን ለውጥ ይላቸዋል።

ማግነስ ጠራቢ ሳለ የእጅ ሥራውን ለማሳየት ወደ ሌላ ከተማ በሄደበት ጊዜ፥ አንድ ጨካኝ ገዢ መንደሩን አፍርሶ ሚስቱን ገድሎበታል። አስማተኛውም ቀድሞ ወጥ ሠሪ ነበር፤ ካበሰለው ምግብ የበሉ 40 ሰዎች ስለ ሞቱ፥ ጥፋቱ የእርሱ መስሎት ሸሽቶ ይኖራል። ጽዋው ያን ቀን እመልስልሃለሁ ሲል፥ እነዚያ ሲያፌዙ የኖሩት ሰዎች ቀልዳቸውን ትተው፥ ድምፃቸው ተለውጦ፥ እያንዳንዳቸው አይሆንም አሉ። ማግነስ የሚወዳት ሚስቱ በፊቱ ሳለች ጽዋውን ገፋው። እኛ እንደ ተረዳነው፥ ያለፈውን ቀን የሚሽር ሰው በዚያ ቀን ምክንያት የሆነውን ሰውነቱን፥ ያገኛቸውንም ወዳጆች አብሮ ይሽራልና ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ጽዋው ለእኛ ቢቀርብ የትኛውን ቀን እንደምንመርጥ አሰብን። ሹመት ያመለጠንን ቀን አልመረጥንም፤ ገንዘብ የከሰርንበትንም አልመረጥንም። የመረጥነው ያችን የጓሮ ክፍል በር የከፈትንባትን ማታ ነው። በሩን ከፍተን፥ «ምን ትጫወታላችሁ?» ብለን ጠይቀን ብቻ በዘጋነው! ነገር ግን ጽዋ በእጃችን የለም፤ ያለን ስልክ ነው።

በማግሥቱ በዓል ሳይሆን ደወልን። ልጁ ደንግጦ «ጋሼ፥ ምን ሆኑ?» አለ። እኛም፥ ማግነስ ጽዋውን እንቢ ካለበት መድረሳችንን ነገርነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስለ ሰባቱ ጠጠሮች ይቅርታ ጠየቅነው። ታላቅ ከታናሹ ይቅርታ መጠየቅ ልማዳችን አይደለምና ቃሉ ከጕሮሯችን በቀላሉ አልወጣም።

እርሱም ቀስ ብሎ፥ «ጋሼ፥ እማዬ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነበር። ልጆቹም የመጡት አንድ ጊዜ እንኳ እንድስቅ ብለው ነው» አለ።

ለዚህ የምንመልሰው አልነበረንም። እርሱ ግን እንደ እናቱ ደግ ልብ ያለው ነውና ዝምታችንን አልተወውም። ለእኛም አንድ ሰው ፈጥረን እንድንጫወት ጠየቀን። እኛም አንድ ሽማግሌ ዳኛ መረጥን። «እንግዲህ ዳኛው ከተዘጋ በር ፊት ቆሟል፤ ምን ያደርጋል?» አለ። «ያንኳኳል» አልን። እርሱ ባለበት አገር ጠጠሩ ሲንከባለል በስልኩ ሰማን። «ጋሼ፥ 1 ወጣብዎት!» አለና በሣቅ ፈነዳ፤ የዳኛው በትር እንደ ተሰበረ፥ እርሱም ከነካባው ጭቃ ላይ እንደ ወደቀ ተረከልን። እኛም እንባችን እስኪፈስ ሣቅን፤ የእንባው ከፊሉ ግን የሣቅ አልነበረም።

ሣቅ ሁሉ መልካም ነው አንልም። በኀዘንተኛ ላይ የሚሣቅ ሣቅ ነውር ነው፤ ከኀዘንተኛ ጋር የሚሣቅ ሣቅ ግን ከእዝን እንጀራ የሚቈጠር ነው። ሁለቱን ለመለየት በበሩ ላይ ቆሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወላጆችና መምህራን ሆነን፥ ባለሥልጣኖችም ሆነን፥ የማናውቀውን የወጣቶች ነገር ባየን ጊዜ ከመፍረዳችን በፊት አንዲት ጥያቄ ብናስቀድም ብዙ ጸጸት በቀረልን።

ስለ ተረቱም ቢሆን፥ አባቶቻችን ጥርስን ባዳ ማለታቸው ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም። ባዳ ይሁን። ነገር ግን በአገራችን ልማድ ባዳ ሰው ወደ ለቅሶ ቤት ሲመጣ «ማን ጠራህ?» ተብሎ ይባረራልን? አይባረርም፤ ከወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ንፍሮም ይቀርብለታል፤ ኀዘኑን ሊያቀልል መጥቷልና ይመሰገናል። እንግዲህ ጥርስም ባዳ ከሆነ፥ በለቅሶአችን ቀን ወንበር አንንፈገው።