ዝናብ የጋረዳት ካዛንቺስ

የከተማ ጉብኝት አውቶቡስ ቄራን አያስጎበኝም። ከተማው የሚበላው ክትፎና ቁርጥ ከየት እንደሚነሳ ለማየት የሚከፍል ቱሪስት ስለማይኖር ይሆናል። እኛ የቄራ ልጆች በዚህ ቅር አይለንም፤ የምንከፍለው ሌላውን ሰፈር ለማየት ነው። ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ እናቴን፣ ባለቤቴንና የስድስት ዓመት ልጃችንን ይዤ ከመስቀል አደባባይ በሚነሳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወረቀቱ ላይ አፍሪካ አዳራሽ፣ ካዛንቺስ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በመጨረሻም እንጦጦ ተደርድረዋል። ባለቤቴ የመጣችው ለእንጦጦ፣ ልጄ ለድንቅነሽ ነው። እናቴ ደግሞ ለካዛንቺስ ብቻ።

እማዬ ቄራ የገባችው በትዳር ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ሰው ሲነሳ ጉልበቷን ታማ ስለነበር ሄዳ አልተሰናበተችም። ጎረቤቱ ሁሉ ወደየአቅጣጫው ከተበተነ በኋላ ደግሞ «ማን አለኝ ብዬ?» እያለች ቀረች። በመስኮት አንዴ ለማየት ግን እሺ አለች።

ዝናቡ የጀመረን ገና አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ሳለን ነው። አስጎብኚው ወጣት ጎበዝ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. እንደተመረቀ፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ እንደተመሠረተ፣ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን ነገረን። «በቀኝ በኩል ተመልከቱ» ባለ ቁጥር ሁላችንም ዞረን በራሳችን ትንፋሽ የደፈነውን መስኮት እናያለን። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ በሬዲዮ ነው ብለህ ቀጥል» ሲሉ አውቶቡሱ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ካዛንቺስ ስንደርስ በረዶ ተቀላቀለበት። ወጣቱ የስሙን ታሪክ ጀመረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ምህጻረ ቃሉ «ኢንቺስ» ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። እማዬ አልሰማችውም። በነጠላዋ ጫፍ መስኮቱን ትወለውላለች፤ ይደፈናል፤ ደግማ ትወለውላለች። «እዚህ ጋ ይመስለኛል... አይ፣ አልፈነዋል።» የምታውቀው አጥርና ዳቦ ቤት የለም። ያለው ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ነው፤ እሱም ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል።

«እማማ፣ ቤትሽ የቱ ጋ ነው?» አላት ልጄ።

አስጎብኚው ማይኩን አጥፍቶ መጣ። «እማማ፣ ላስቁምልዎት?» አላት። በዝናብ ሰው አላስጠብቅም ብላ እምቢ አለች። ይልቅ ለልጁ መናገር ጀመረች፦ ውሃ የሚቀዱበትን ቦኖ፣ ክረምት ሲመጣ በቆርቆሮው ስር የሚደረደረውን ባልዲ፣ ቡና የሚጣጡበትን የጎረቤት በረንዳ። ፊትና ኋላ የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቋርጠው አዳመጧት። ልጄ ከዚያ ቀን ጉብኝት እስካሁን የሚያወራው ስለ ድንቅነሽ ሳይሆን ስለ ባልዲው ነው።

ሥላሴን በሩጫ አየን። ሙዚየሙ ከዝናብ የሸሸ ሰው ሞልቶት የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽ በሰው ትከሻ መካከል አጮልቀን አለፍን። ሽሮ ሜዳ ላይ እንጦጦ ሙሉ በሙሉ ጉም ውስጥ ስለነበር አውቶቡሱ ተመለሰ። ባለቤቴ ተናደደች፤ እኔ ግን እቴጌ ጣይቱም የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍልውሃ ወርደው አይደል ይህች ከተማ የተቆረቆረችው አልኳት። አልሳቀችም።

የገበያ ሥራ ሙያዬ ስለሆነ የሚቆጨኝ የጉዞው ቅደም ተከተል ነው። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ያለው እንጦጦ ጠዋት መቅደም፣ ሙዚየሙ ከምሳ በኋላ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ጉዞ ስትይዙ ቅደም ተከተሉን ጠይቁ። በአየር ጠባይ ምክንያት የቀረ ጉብኝት ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ፤ የእኛው አስጎብኚ ድርጅት ለሌላ ቀን የሚያገለግል የግማሽ ዋጋ ኩፖን ብቻ ነው የሰጠን። ልጅ ካለ ፎጣና ቅያሪ ካልሲ አይረሳ።

ኩፖኑን ባለቤቴ ለእንጦጦ ይዛዋለች። እማዬ አውቶቡስ አትፈልግም። መስቀል ካለፈ በኋላ በኡራኤል በኩል በእግሯ ልትገባ ነው፤ ጉልበቷ እስከፈቀደላት ድረስ።