የወጋ ቢረሳ

ና ግባ፣ ወዳጄ። አቦሉ አመለጠህ፤ ግድ የለም፣ ቶናው ከሰሉ ላይ ነው። እዚህች በርጩማ ላይ አረፍ በል፤ ጭሱ ወደ በሩ ነው የሚሄደው፣ አይነካህም። ቡናው የሩቅ አይደለም፤ ከእንሰትና ከዋንዛ ጥላ ሥር፣ ከጓሮ የተለቀመ የጌዴኦ ቡና ነው። ጤና አዳም ጣል ላድርግበት? እሺ። ቆሎውንም ወደ አንተ ላስጠጋው።

የዛሬው ጨዋታዬ ወዲህም ወዲያም ይላል። መነሻው የእህቴ ልጅ ነው። ትናንት ማታ ስልኩ ላይ ተደፍቶ፣ ራቱ እስኪቀዘቅዝ ተከታታይ ፊልም ሲያይ አመሸና ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አማዶ ካሪዮ የሚባል ሰው ያውቃሉ?» አለኝ። አውቀዋለሁ። ስሙን ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አሟሟቱ ደግሞ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። «ጀብዱው ጉድ ነው!» አለ ዓይኑ እያበራ። ጀብዱ። ይቺ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። እሱ ተኛ፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ አነጋሁ። እንግዲህ ለልጁ በቅጡ ያልነገርኩትን ለአንተ ላውራህ፤ ሳወራው ለእሱም የሚሆን መንገድ አገኝ ይሆናል።

አማዶ ካሪዮ ፉዌንቴስ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲናሎዋ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት፣ ጓሙቺሊቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አጎቱ ኤርኔስቶ ፎንሴካ በዕፅ ንግድ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ነውና ልጁም በአጎቱ በር ገባበት። ዋናውን ወንበር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ከእሱ በፊት የሁዋሬዝን ካርቴል ይመራ የነበረው ሰው በጥይት ተገደለና ቦታው ተለቀቀ። ሁዋሬዝ የት ናት? የድንበር ከተማ ናት፤ ወንዙን ሲሻገሩ አሜሪካ ነው። እኛ ሞያሌን አይደል የምናውቃት? አንዱን ከተማ መስመር ከፍሎት፣ ከወዲያና ከወዲህ ያለው ሰው የሚተያይበት። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ሕጋዊውም ሕገ ወጡም ንግድ ይደራል።

ታዲያ ይህ ሰው ከሌሎቹ በምን ተለየ? ሌሎቹ ኮኬይኑን በመኪና ሆድ፣ በሰው ጀርባ፣ በትንንሽ አውሮፕላን ሲያሻግሩ እሱ ቦይንግ 727 ገዛ። ያ የእኛ አየር መንገድም በዚያ ዘመን ያበርረው የነበረው ዓይነት የመንገደኛ ጄት ነው። ከኮሎምቢያ እያስጫነ ሜክሲኮ ያራግፍ ጀመር። የገዛ አገሩ ሰዎች «የሰማያት ጌታ» አሉት። በእኛ አፍ ሲነገር ጆሮ የሚያስደነግጥ ስም ነው፤ እኛ የሰማይ ጌታ አንድ እንደሆነ ነው የምናውቀው። ግን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የምንል እኛው አይደለንም? አያቶቻችን ለጨዋታ ያሏትን እሱ ሥራዬ ብሎ ያዛት።

ምድሩንም ቢሆን አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ላይ ሜክሲኮ የፀረ ዕፅ ዘመቻዋን እንዲመራላት ኄሱስ ጉቲየሬዝ ሬቦዮ የተባለ ጄኔራል ሾመች። ቆፍጣና ወታደር ተብሎ ተመሰገነ። በሦስተኛው ወር፣ የካቲት ላይ፣ ራሱ ታሰረ፤ ለካስ የአማዶ ካሪዮ ጥቅም ተካፋይ ኖሯል። በጉን ለቀበሮ ጠብቅ ብሎ እንደመስጠት ነው። ቆይ፣ ጀበናው ገነፈለ፤ ላውርደው።

ምን ላይ ነበርን? አዎ፣ ጄኔራሉ። ጄኔራሉ ሲያዝ አማዶ ካሪዮ መጠለያ አጣ። የሜክሲኮም የአሜሪካም ሰዎች ይፈልጉት ጀመር። አውሮፕላን አለው፣ የማይቆጠር ገንዘብ አለው፣ የታጠቀ ሰው አለው፤ አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። ፊቱ። የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል፤ ቤት ለውጦ፣ ስም ለውጦ፣ አገር ለውጦ ከገዛ ፊቱ ማምለጥ አልቻለም። ስለዚህ ፊቱን ሊለውጥ ተነሳ።

በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ ስምንት ሰዓት ያህል ቀዶ ጥገና አደረጉለት፤ ፊቱን አስተካከሉ፣ የሰውነቱን ስብ ቀነሱ። ከዚያ አልነቃም። ሰኔ 27 ቀን 1989 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፤ ዕድሜው ገና 40 ዓመት። ሬሳው በቴሌቪዥን ታየ፤ ያበጠ፣ የጠቆረ፣ የማንም የማይመስል ፊት። ሕዝቡ አላምንም አለ፤ «ሌላ ሰው ገድሎ በእሱ ስም አስተኝቶ ነው» ተባለ። የአሜሪካ የፀረ ዕፅ ሰዎች የጣት አሻራ አመሳከሩና እሱ ነው አሉ። እናቱም ልጄ ነው አሉ። እዚያችው የተወለደባት መንደር ወስደው ቀበሩት። ወዳጄ፣ እኔ አሻራውን ብተወው እንኳ የእናቲቱ ቃል ይበቃኝ ነበር። ዓለም ሁሉ ያልለየውን ፊት እናት ትለየዋለች።

ሐኪሞቹስ? እ.ኤ.አ. በኅዳር 1997 ከቀዶ ጥገናው ሐኪሞች መካከል የሁለቱ አስከሬን ሲሚንቶ በተሞላ በርሜል ውስጥ፣ ከሜክሲኮ ሲቲ ወደ አካፑልኮ በሚወስደው ጎዳና ዳር ተገኘ። የእህቴ ልጅ በርሜሉ ላይ ገና አልደረሰም። ሲደርስ አጠገቡ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

በል ስኒህን አቀብለኝ። ቶና ማለት ይኼ ነው፤ እንዴት ነው ውፍረቱ?

እስቲ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልከት። ይህ አስፋልት ከዲላችን ወደ ሰሜን 360 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ወደ ደቡብ ደግሞ በይርጋ ጨፌ በቡሌ ሆራ አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሞያሌ። የዲላ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የከባድ መኪና ድምፅ እየሰማ ነው የሚተኛው። ቡና የጫነው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሸቀጥ የጫነው ከታች ይመጣል። በዚሁ መንገድ በሌሊት የሚያልፍ ሌላ ጭነትም አለ፤ ወጣት። ከሆሳዕናው፣ ከዱራሜው፣ ከእኛም ሰፈር የተነሳ ወጣት። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ ወይም ዛምቢያ፣ ከዚያ «ጆበርግ»። ሜክሲኮ ካርቴል ካላት የእኛ ደግሞ ደላላ ነው፤ ደላላውም አለቃ አለው፣ አለቃውም የበላይ አለቃ። ልጁ ግን የሚያውቀው የሰፈሩን ደላላ ብቻ ነው፤ አብሮት ቡና የሚጠጣውን።

የዚህ ንግድ አለቃ ምን ይመስላል ካልከኝ፣ በሰሜኑ መንገድ፣ በሊቢያው በኩል የነበረውን አንዱን ልንገርህ። ኪዳነ ዘካሪያስ ሀብተማርያም ይባላል፤ ኤርትራዊ ነው። ሊቢያ ውስጥ ባኒ ዋሊድ በምትባል ከተማ ስደተኞችን መጋዘን ውስጥ አጉሮ ቤዛ ሲያስከፍል የኖረ ሰው። አከፋፈሉን ታውቀዋለህ፤ ልጁ እየተደበደበ ስልኩ ይደወላል። እናት ጩኸቱን ትሰማለች። ከዚያ ቤት ይሸጣል፣ ላም ይሸጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነጠላ ተዘርግቶ ይለመናል።

ይህ ሰው የካቲት 2012 ላይ አዲስ አበባ ተያዘ። ማን ያዘው መሰለህ? እርግጥ ነው፣ ካቴናውን ያጠለቀው ፖሊስ ነው። ያወቀው ግን በእሱ እጅ የነበረ አንድ ልጅ ነው፤ መንገድ ላይ አየውና ለፖሊስ ተናገረ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድ ፊት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አስበው እስቲ፤ ለአለቃው ያ ልጅ ከብዙ ሺህ አንዱ፣ ፊቱን ልብ ብሎ ያላየው ጭነት ነበረ። ለልጁ ግን የአለቃው ፊት በየሌሊቱ የሚመጣ ነው።

ከዚያስ? ይኼን ስነግርህ አሁንም ያንገበግበኛል። በዓመቱ፣ የካቲት 2013፣ ክሱ እየታየ ሳለ ከፍርድ ቤት አመለጠ። መጸዳጃ ቤት ገብቶ ልብሱን ቀይሮ ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ወጣ ነው የተባለው። ልብ አልክ? ያኛው ፊቱን ሊቀይር ሆስፒታል ገባ፣ ይኼኛው ልብሱን ቀይሮ ከችሎት ወጣ። ምስክርነት ሊሰጡ ደፍረው የቀረቡት ልጆች ያን ማታ እንዴት አድርገው ተኙ? በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ኢንተርፖል ፈለገው፣ ኔዘርላንድም ፈለገችው፤ የተያዘው ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ሱዳን ውስጥ ነው። የኤምሬትስ ፖሊሶች የገንዘቡን ዱካ ተከትለው ደረሱበት። ገንዘብ በሰማይ መንገድ ቢያወጣም ምድር ላይ ኮቴ ይተዋል ማለት ነው።

ስለ ፊት ካነሳን አይቀር ይቺንም ስማ። መድኃኔ ይሕደጎ የሚባል ሌላ አሻጋሪ ነበር፤ «ጄኔራሉ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ካርቱም ላይ ተያዘ ተብሎ ታስሮ ጣሊያን ተወሰደ፤ ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። የመጣው ልጅ ግን እሱ አልነበረም። መድኃኔ የሚለው ስም ብቻ ነበር የሚያገናኛቸው። የሚያውቁት ሁሉ «ኧረ ይህ ልጅ ሌላ ነው፣ ፊቱን እዩት!» እያሉ ጮኹ። የፓሌርሞ ፍርድ ቤት ሰውየው ሌላ ነው ብሎ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ነው፤ ከሦስት ዓመት እስር በኋላ። የትልቁን ሰው ዕዳ ትንሹ ሰው በፊቱ ከፈለ።

ቆሎ አልነካህም እኮ። ብላ እንጂ።

እኔ እንግዲህ የካርቴል አለቃን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ያመኛል። አማዶ ካሪዮ ዘፈን ተዘፍኖለታል፣ በቅጽል ስሙ ተከታታይ ድራማ ተሠርቷል። የየት መንደር ልጅ እንደሆነ፣ አጎቱ ማን እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደታከመ እኔ ዲላ ተቀምጬ አውቃለሁ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ በሚባለው ግዛት፣ ከማላዊ የመጣን አንድ የጭነት መኪና የኬላ ሰዎች አስቆሙት። ከጭነቱ ውስጥ ድብደባ ተሰማ። ሰማያዊ ኮንቴይነር ነበር፤ ሲከፍቱት አየር አጥተው ያለቁ 64 ሰዎች። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ናቸው፤ ብረቱን ይደበድቡ የነበሩት። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ደግሞ ዛምቢያ፣ ከሉሳካ ወጣ ብሎ ንግዌሬሬ በሚባል ቦታ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ ከመሃላቸው አንድ ሌላ ሰው ገና ይተነፍስ ነበር። እነሱስ የየት መንደር ልጆች ናቸው? አጎታቸው ማን ነበር? ቡና ሲለቅሙ ዘንቢላቸውን በየትኛው ትከሻ ነበር የሚያንጠለጥሉት? ቁጥራቸውን እንጂ ሌላውን ማን ነገረን?

ይኼን ሁሉ እንዳስብ ያደረጉኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከአጥራችን ወዲያ ያሉት እማማ ናቸው። ትንሹ ልጃቸው አንድ ዓመት የቡና ለቀማው ሲያልቅ ድርሻውን ተቀብሎ በሞያሌ በኩል ወጣ። ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ የለም። እማማ የእሱን ጉርድ ፎቶ፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የተነሳውን፣ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል፤ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ፈትተው ያዩታል፣ በአውራ ጣታቸው ያብሱታል፣ መልሰው ይቋጥሩታል። ወረቀቱ ከመታበሱ ብዛት አገጩ አካባቢ ነጥቷል።

ባለፈው እሑድ እዚሁ፣ አንተ የተቀመጥክበት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በረካው ከተቀዳ በኋላ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ያ የመኪናው ጉዳይ» አሉኝ፤ «ፎቶ አለው ይባላል፣ እውነት ነው?» ልዋሽ አልቻልኩም። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። መነጽር የላቸውም፤ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው፣ አስጠግተው አዩት።

«ፊታቸው የታለ?»

«ኮንቴይነሩ ብቻ ነው እማማ።»

«እስቲ አጉላልኝ።»

አጎላሁት። «ትንሽ ጨምር» አሉ። ጨመርኩ። የእህቴ ልጅም ከበሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ያያል። «አሁንም ጨምር።» ጨመርኩላቸው፤ ማያው ሁሉ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ።