ለቅዳሜ የምትሆን መኪና

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ሐበሻ ሳምንቱን ሙሉ በካምሪው ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ቅዳሜን ለራሱ የሚነዳት ያገለገለች ስፖርት መኪና አማረው። ሚስቱ ዋናውን ጥያቄ ቀድማ ጠየቀች፦ «ልጆቹስ የት ሊቀመጡ ነው?» ያማረጣቸው ሁለቱም መኪኖች ባለ ሁለት ወንበር ናቸው።

አንዷ የ1990ዎቹ ማዝዳ ሚያታ ናት፤ ሌላዋ የመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ቦክስተር። ቦክስተሯ ከአዲስነቷ ዋጋ በጣም ወርዳለች። ሰውን የሚያታልለውም ይሄ ነው፤ የመኪናዋ ዋጋ ቢወርድም የመለዋወጫዋና የጋራዥ ሒሳቧ አብሮ አልወረደም። ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ የተቀበረ ነው፣ በቀላሉ አይታይም። ውስጡ ያለች አንዲት ኩሽኔታ ከተሰበረች ደግሞ ሞተሩን በሙሉ ይዛው ልትሄድ ትችላለች። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ የደረሰበት ግን የዓመት ቁጠባውን ይረሳል።

በ1989 የወጣችው ሚያታ ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ በታች ነበር። ጉልበቷ ከካምሪው ያንሳል። ያንስ እንጂ! ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በ40 ማይል እየሄደች ነጂዋን ታስቃለች፤ ፖሊስም አትጠራም። የእሷ ጠላት ዝገት ነው። የጨርቅ ጣሪያዋ ውሃ መውረጃ ሲደፈን ውሃው ከበሩ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ይተኛል። ሜሪላንድ ላይ በክረምት መንገዱ ጨው ይነሰነስበታል፤ ስለዚህ ቀለሟን ከማድነቅ በፊት ተንበርክኮ ሆዷን ማየት ነው። ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ከፍሎ ማስመርመርም እንዲሁ፤ እዚህ ላይ መቆጠብ ቂልነት ነው።

ሰውየው ወደ ሚያታዋ አዘንብሏል። ታዳጊ ልጆቹ ደግሞ ከወዲሁ ተራ ይዘዋል፤ አንድ ቅዳሜ ትልቋ፣ አንድ ቅዳሜ ትንሹ። ሚስቱ ተራዋ መቼ እንደሆነ እስካሁን አልተነገራትም።