ጎርፉ የሚመጣው ከሌላ ሰማይ ነው

ዛሬ በወጣው የከባድ ዝናብ ማሳሰቢያ ስር የተጻፈውን አስተያየት አንብባችሁታል አይደል? ግማሹ ሳቅ ነው። "እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነው"፣ "ይዘንባል ካሉማ ልብሳችሁን አስጡ"። ከሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላው ወገን ሳቂዎቹን ይሳደባል፤ ካልደረሰበት የማይሰማ ሕዝብ እያለ። እኔ ግን የሚስቀው ሰው ደንቆሮ ነው ብዬ አላምንም። ከደጁ ወጥቶ ሰማዩን አይቶ ነው የፈረደው። አባቶቻችንም ለእርሻውም ለአጨዳውም እንደዚያው ነበር የሚያደርጉት፤ አብዛኛውን ጊዜም ያዋጣቸው ነበር። ክፋቱ፣ ሰው የሚጨርሰው ጎርፍ ብዙ ጊዜ ሰውየው አንጋጦ ከሚያየው ሰማይ የወረደ አይደለም።

ድሬዳዋን አስቡ። ወንዟ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት ላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ በዚያ አሸዋ ላይ መጥቶ ብዙዎች በተኙበት ደረሰባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያው ክረምት ሳይወጣ ኦሞ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ፤ ኦሞን የሞላው ዝናብ የጣለው ግን ከዚያ እጅግ ርቆ ነው፣ በስተሰሜን ባለው ደጋ ላይ። አዋሽም እንደዚያው ነው። አፋር ላይ ጠብታ ሳይወርድ ዱብቲና አሳይታን የሚያጥለቀልቀው ውሃ ከደጋው ተነስቶ ስንት ቀን ተጉዞ የሚደርስ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በሶማሊያ በለድወይን ከ200 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ያስወጣው የሸበሌ ሙላትም አብዛኛው ውሃው ከእኛው ደጋ የወረደ ነበር። እንግዲህ ለአሳይታ ሰው "ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" ብትሉት፣ ቀና ብሎ አይቶ ቢስቅ ምን ይፈረድበታል?

ይሄ የድህነት ጉዳይ ነው የምትሉ አላችሁ። አይደለም፤ ስፔንን እዩ። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2023 ማድሪድ ውስጥ ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ፣ ከቤት አትውጡ ተባለ። ከተማው ላይ ግን የተፈራውን ያህል አልዘነበም፤ ሰዉም በትንበያ ባለሙያዎቹ ላይ አፉን ከፈተ። በዚያው ዝናብ ግን ከከተማው በስተምዕራብ አልዴያ ዴል ፍሬስኖ የሚባል መንደር ላይ ጎርፉ ድልድይ ይነቅል ነበር፣ ሰውም ሞቷል። ማስጠንቀቂያው ውሸት አልነበረም፤ የሳቀው ሰው ሰማይ ላይ አልደረሰም እንጂ። 14 ወር ገደማ ቆይቶ ተራው የቫሌንሲያ ሆነ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2024 የአየር ትንበያ ድርጅቱ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ገና ጠዋት 1 ሰዓት ከ36 ላይ ነው። የክልሉ መስተዳድር ለሕዝቡ ስልክ መልእክት የላከው ግን ምሽት 2 ሰዓት ከ11 ላይ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፓይፖርታ ከተማ ላይ ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም። ሰው ሥራው ላይ ነበር፣ መኪናውን ሊያወጣ ምድር ቤት ወርዶ ነበር። ውሃው የመጣው ከላይ፣ በአንድ ቀን ከ770 ሚሊ ሜትር በላይ ከጣለበት ከቱሪስ አካባቢ ነው። በክልሉ ከ220 በላይ ሰው አለቀ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ስልካችን ላይ በቀን ስንቴ ነው የጥቅልና የሎተሪ መልእክት የሚገባው? ሌሊት ሳይቀር። የአገሩ ገበሬ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ሳይቀር "ይሸለሙ" የሚል መልእክት የሚደርስበት መንገድ አለ፤ ጎርፍ መጣ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ በፌስቡክ ገጽ ተለጥፎ፣ ዳታ ላለውና ለነቃው ብቻ ይቀራል። መንገዱ ካለ፣ ቁጥሩ ካለ፣ መልእክቱ ባንድ ጊዜ ለሚሊዮኖች መድረስ ከቻለ፣ ጎርፉን ሲሆን ምን ያዘው? ማሳሰቢያው ሲደርስም ደግሞ "ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ" ብሎ ያበቃል። ምን ዓይነት ጥንቃቄ? ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ነው? ከብት ማውጣት ነው? ዛሬ ማታ ወንዝ ዳር አለማደር ነው? ይህን ሳይነግሩ ቆይቶ፣ ሰው ከሞተ በኋላ "ማሳሰቢያው ተሰጥቶ ነበር" ማለት በጣም ያሳዝነኛል። የሐዘን መግለጫው ሁሌም ከማሳሰቢያው ፈጥኖና ጠርቶ ይደርሳል።

አሁን ለሚነሳው ተቃውሞ መልስ ልስጥ። ማስጠንቀቂያ ሲበዛና ሲስት ሰው ይሰለቻል ይባላል። እውነት ነው፣ ይሰለቻል። ግን የሚያሰለቸው አንድ ዞን ሙሉ የሚያስጠነቅቀው ነው። "ዛሬ ሌሊት በደቻቱ ውሃ ሊወርድ ይችላል" የተባለ ሰው ውሃው ቢቀር አንድ ሌሊት ነው የሚጎዳው፤ ወንዙን ስለሚያውቀውም ለምን እንደተነገረው ይገባዋል። የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ በጎርፉ ዋዜማ የማግስቱን ትምህርት ሰርዞ ነበር፤ ጎርፉ ባይመጣ ኖሮ እሱም መሳቂያ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ድሃው ወዴት ይሂድ? የዛሬዋ ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው አልቆባታል። ከዚያ በኋላ ዝናብና ነፋሱን አላስቆሙም፣ ሀብታምም አልሆኑም። በጎ ፈቃደኞች ድምፅ ማጉያና ባንዲራ ይዘው መንደር ለመንደር እየዞሩ ይናገራሉ፣ መጠለያው የት እንደሆነ ሰው አስቀድሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታቸው የሞተው 3 ሺህ አራት መቶ ገደማ ሰው ነው። ብዙ ነው፣ ግን 300 ሺህ አይደለም። እኛ ዘንድ ደግሞ መሸሻው ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው፤ ከወንዙ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ።

ሦስተኛው "ቴክኖሎጂው የለንም" ነው። ይኼን አልቀበልም። ውሃው ከደጋ እስከ ቆላ ሲወርድ ሰዓት ይፈጃል፣ አዋሽና ኦሞ ላይ ቀናት። ላይኛው ቀበሌ ወንዙ ሲሞላ በዓይኑ የሚያይ ሰው አለ፣ ስልክም አለው። የሚደወልለት ሰው ማን ነው? ስሙን የሚያውቅ አለ? ቁጥሩ የትኛው ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል?