ጨፌ ላይ የተተከለ ችካል

ነሐሴ ላይ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ ሜዳው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ውሃ ነው። ውሃው መሃል የብሎኬት አጥር ቆሟል፤ ውስጡ ቤት የለም። ቀጥሎ ሌላ አጥር፣ ከዚያ ሲኖትራክ በበጋው ያራገፈው የገረጋንቲ ክምር። ገረጋንቲ የተደለደለበት ይዞታ ከዙሪያው ከፍ ስለሚል ውሃው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤትም በተራው ገረጋንቲ ያስደፋል። ጨፌ የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ማንም ይድረቅ ብሎ ሳይወስን፣ ሁሉም ውሃውን ከየግቢው ሲገፋ።

*

የዚህ ሜዳ ነገር የሚያሳስበኝ ከአንዲት ወፍ የተነሳ ነው። ርዝመቷ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ ትባላለች፤ የወፍ አጥኚዎች ዋይት ዊንግድ ፍለፍቴል ይሏታል። እኔ ነጭ ክንፍ እላታለሁ። ሣር ውስጥ ለውስጥ እየሮጠች የምትኖር ስለሆነች ክንፏ ላይ ያለው ነጭ የሚታየው ድንገት ተደናግጣ ስትነሳ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሜትር በርራ ተመልሳ ሣሩ ውስጥ ትገባለች። ዕድሜውን ሙሉ ጨፌ ዳር ከብት የጠበቀ ሰው አንድም ቀን ሳያያት ሊያረጅ ይችላል።

ለሳይንስ የታወቀችው ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ስሟም የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ1877 ነበር። ለረጅም ዘመን ጎጆ ሠርታ፣ ዕንቁላል ጥላ፣ ጫጩት የምታሳድግበት ቦታ ሆኖ የሚታወቀው ግን የእኛ ደጋ ነው። ሱሉልታ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ወፏ ከተመዘገበችባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በኋላ ደግሞ ከሱሉልታ አለፍ ብሎ ያለው የወሰርቢ ረግረግና ከሆለታ ባሻገር ያለው የበርጋ ረግረግ ታወቁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ እንደምትራባ በካሜራ የተረጋገጠው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነው።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቷታል። ለመራባት የደረሱት በዓለም ሁሉ ተደምረው 250 እንደማይሞሉ ይገመታል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚመላለሱ አውቶቡሶች ውስጥ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ከዚህ የሚበልጥ ሰው አለ።

*

ኒውዚላንድም እንዲሁ ቁጥሩ ያነሰ፣ ማዊ የሚባል ዶልፊን አላት። የሚገኘው በሰሜናዊው ደሴቷ ምዕራባዊ ዳርቻ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በተሠራ ግምት፣ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ያለፈው ወደ 54 ይሆናሉ። መንግሥት በዚያ ዳርቻ ሰፊ ክፍል ላይ መረብ ዘርግቶ ማጥመድን ከልክሏል። ዓሣ አጥማጆች ተቆጥተዋል፤ ኑሯቸው ነውና ቁጣቸው ይገባኛል። ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ዶልፊኑ ሌላ ቦታ ይሂድ የሚል ክርክር ግን አያስኬድም። ዶልፊኑ የሚኖረው በሰፊው ባሕር ውስጥ ሳይሆን በዳርቻው ጠባብ ጥግ ነው። ያ ጥግ ሲወሰድበት የቀረው ውቅያኖስ አይጠቅመውም።

ለእኛም ባሕሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ከሰበታ የሚነሳው የባቡር ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ይደርሳል። ከቀይ ባሕር አንስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ይዞ የሚኖር ጀርባው ጉብ ያለ ዶልፊን አለ፤ እሱም ለመጥፋት ከተቃረቡት ተቆጥሯል። ከሃያ አምስት ሜትር በላይ ወደሚጠልቅ ውሃ እምብዛም አይሄድም። ወደብ፣ መረብ፣ የከተማ ፍሳሽ የሚገናኙትም እዚያው ነው።

ሱሉልታ ላይ ሜዳ ሞልቶ የለም ወይ ለሚለኝ መልሴ ይኸው ነው። ነጭ ክንፍ የምትፈልገው ማናቸውንም ሜዳ አይደለም። ከፍ ያለ ደጋ ላይ የሚገኝ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ውሃ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚተኛበት፣ ቄጠማው ሳይታጨድና ሳይረገጥ ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ ትፈልጋለች። ሦስቱ በአንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው።

*

ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። እንቁጣጣሽ የሚውለው በዚሁ መካከል ነው። አዲሱ ገበያ ላይ እናቶች ቄጠማውን በነዶ በነዶ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ቤቱ ሁሉ ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይፈላል። ቄጠማ አይጎዝጎዝ የሚል ሐሳብ የለኝም። ያለ ቄጠማ እንቁጣጣሽ እንቁጣጣሽ አይሆንም። ወፏ ግን ጎጆዋን የምትሠራው ከዚያው ቄጠማ ነው፤ ሣሩን አጥፋ፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጋ። ማጭዱ የሚገባው ጫጩቶቹ ገና መብረር ሳይችሉ ነው።

የጨፌው መካከል እስከ ጥቅምት ሳይነካ፣ ለበዓሉ የሚሆነው ከዳር ከዳር ቢታጨድ ገበያውም ጎጆውም ሊተርፍ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ጨፌውን የሚጠቀሙት ሰፈሮች ተሰብስበው ቢስማሙ ይበቃል።

*

ሱሉልታ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አግኝቼ ነበር።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ሣር ውስጥ የምትሮጥ ትንሽ ወፍ አይተው ያውቃሉ?»

«ወፍ ብዙ ነው ልጄ። እኔ የማውቀው ሣሩን ነው።»

«ሣሩ እንዴት ነው ታዲያ?»

«ድሮ ክረምት ላይ ከብት ጨፌው ውስጥ አይገባም ነበር። ሲረግጠው ጭቃ ይሆናላ። ክረምቱን ዳገቱ ላይ እናውላለን፣ ጨፌውን መስከረም ሲጠባ እንከፍተዋለን። አሁን ዳገቱ ላይ ቤት ተሠራ። ከብቱን የት ልውሰደው?»

የአካባቢ ጥበቃ ሪፖርት ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ብሎ የሚያልፈውን ነገር እኒህ ሰው ከነምክንያቱ ነገሩኝ። ጨፌውን ድሮ የጠበቀው የግጦሽ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ ጸንቶ የቆየው ደግሞ ደረቁ የክረምት ግጦሽ ስለነበረ ነው። ዳገቱ ለቤት ሲከፋፈል ከብቱ ወደ ረግረጉ ወረደ፤ የወረደውም ወፏ ዕንቁላል ላይ በምትተኛበት ወር ነው። ከብቱን መውቀስ ቀላል ነው። ዳገቱን ማን እንደወሰደው መጠየቅ ይከብዳል፤ መጠየቅ ያለበት ግን እሱ ነው።

*

ጠባቂ ያለው መሬት ምን እንደሚመስል ለማየት ቡራዩ ላይ የገፈርሳ ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ ነው። ማንም ስለ ወፍ አስቦ አልሠራውም። ውሃው ጥበቃ ስላለው ግን ዳርቻው ላይ ሣር ቀርቷል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የሌለው ሰማያዊ ክንፍ ዝይም ለዓመታት የወፍ ተመልካቾችን ወደዚያ ሲስብ ኖሯል። መሬቱ ባለቤት ስላለው ብቻ ይህ ሁሉ ተረፈ። ከጥበቃው ውጭ የከተማው ቤት እስከ አጥሩ ድረስ መጥቷል።

*

ውሃ የሚጠፋው በመድረቅ ብቻ አይደለም፤ በመበከልም ነው። ሰበታ ውስጥ ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ባሕር የሌላት አገር የውሃ ሕይወትን ለማጥናት ማዕከሏን የተከለችው ከዚህ ከተማ ነው። የቆሮሶና የካርፕ ጫጩት እየተራባ ለገበሬ ኩሬና ለሐይቆች ይሠራጫል፤ መልካም ሥራ ነው። በዚያው ከተማ ግን የፋብሪካ ፍሳሽ የሚወርድባቸው ወንዞች አሉ፤ በታች በኩል ገበሬው በዚያ ውሃ አትክልት ያጠጣል፣ ከብት ያጠጣል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። የተጣለበትን ሁሉ ይዞ የሚቀረው እዚሁ አገር ውስጥ ነው።

*

በርጋ ላይ የተሠራው ነገር ልቤን ይነካዋል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ ለወፏ የሚቆም ቡድን አደራጀ። ሚድልፑንትን የሚጠብቀው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ደግሞ ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ አሰባሰበ። አንዲት ከእጅ መዳፍ የማትሰፋ ወፍ በአራት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦችን አገናኘች። ገበሬው ረግረጉን እንዲተው አልተነገረውም። ልጁ የሚማርበት ክፍል ከረግረጉ ጋር ተያያዘለት። ድንበር እያቋረጡ ስለሚኖሩ የውሃ ወፎች የተደረገው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2008 ለነጭ ክንፍ ያወጣው የድርጊት መርሐ ግብርም ትልቁን ሥራ የሚጥለው በእነዚህ የደጋ ረግረጎች ላይ ነው።

*

በዚህ አካባቢ ስለ መሬት ጥበቃ ማውራት ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሳውን ቁጣ፣ የተከፈለውንም የሰው ሕይወት ማንም አልረሳም። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ገበሬው ማሳውን ለመኖሪያ ቤት፣ ለመጋዘን፣ ለፋብሪካ ሲያስረክብ ቆይቶ፣ አሁን ደግሞ ለወፍ ተብሎ የቀረው ጨፌ ቢታጠርበት በደል ላይ በደል ይሆናል። ጥበቃው መጀመር ያለበት ገረጋንቲ የሚያስደፋውን በማስቆም ነው። ሣር የሚያጭደው የሚጠየቀው ከሁሉም በኋላ ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ለአዲስ ከተማ አዲስ ካርታ ይሣላል። መንገዱ፣ የኢንዱስትሪ መንደሩ፣ የመኖሪያ ሰፈሩ ቀለም ይቀባለታል። ጨፌውም የራሱ ቀለም ይገባዋል፤ ቀለም ያልተቀባ መሬት በሊዝ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን።

*

ከሱሉልታ ሜዳ የሚወጣው ውሃ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ክረምቱን በሙሉ እንደ ስፖንጅ የሚይዘውና ቀስ አድርጎ የሚለቀው ጨፌው ነው። ጨፌው በተደለደለበት ሰፈር ሐምሌ ላይ ሳሎን ውስጥ ውሃ በባልዲ ሲቀዳ አይቻለሁ። ቦታውን የሸጠው ደላላ ለገዢዎቹ ያሳያቸው በበጋ ነበር።

*

የነጭ ክንፍ ድምፅ ምን እንደሚመስል ለሳይንስ በትክክል የታወቀው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ፈላጊ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ሣሩን እየረገጠ እስክትነሳ መጠበቅ ነበረበት፤ ፍለጋው ራሱ ጎጆ ያፈርስ ነበር። አሁን የድምፅ መቅረጫ ተክሎ መውጣት ይቻላል፤ ሌሊቱን ይቀዳል፣ ጠዋት ይደመጣል። ዋጋው ከአንድ ሲኖትራክ የጥቂት ቀን ኪራይ አይበልጥም።

ከሱሉልታ ጨፌ የቀረው ክፍል አንድ መቅረጫ ይገባዋል። መተከል ያለበት ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ውሃው መተኛት ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው በጋ አለ፤ ገረጋንቲ የሚደፋው በእነዚያ ወራት ነው።