እጅ የማይነካው አምፖል

የሞተር ሳይክል የፊት መብራት ተቃጠለ ተብሎ ጋራዥ ይኬዳል እንዴ? ካቻቢቴና ንጹሕ ሶፍት ካለ ግቢ ይበቃል። ሞተሩን አጥፍቶ መብራቱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ብሎኖቹን መፍታት፣ ሶኬቱን መንቀል፣ የጎማ ቆቡን መግፈፍ፣ የሽቦ መያዣዋን ጫን አድርጎ ማላቀቅ፤ ይኸው ነው።

ቁም ነገሩ አዲሱ አምፖል ላይ ነው። ብረቱን እንጂ መስታወቱን አለመንካት! ጎረቤታችን እትዬ በሶፍት ይዤው አይተው «ምነው፣ ሙሽራ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሃሎጅን አምፖል ክፉኛ ይግላል፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ደግሞ ከሌላው ተለይቶ ስለሚግል መስታወቱ ይጎዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከተነካ በአልኮል መጥረግ ነው። (ባለ ሱቁ ራሱ መስታወቱን ጨብጦ ሲያቀብልህስ?)

ዋቱም አይናቅ። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ 12 ቮልት፣ 35/35 ዋት ተብሎ ይጻፋል፤ አንዱ ለረጅሙ፣ ሌላው ለአጭሩ መብራት። «ደመቅ ይበልልኝ» ብሎ የመኪናውን 60/55 የሚከት ሰው ሶኬቱን ሊያቀልጥ ይችላል።

የአምፖሉ ሦስት ጆሮዎች እኩል ስላልሆኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፤ እምቢ ካለ ማዞር እንጂ መታገል የለም። ብሎን ከመጥበቁ በፊት ረጅሙም አጭሩም መብራት ይሞከሩ። ረጅሙን ብቻ አይቶ የዘጋ ሰው፣ ማታ ከፊቱ የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ሲሰድበው ያመሻል።