ባንኮክ ሁለት በር አላት

ወደ ታይላንድ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው ረጅሙ በረራ ነው። ከአዲስ አበባ ባንኮክ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እግር ያብጣል፣ አንገት ይደርቃል፣ ፊልም ይሰለቻል። እኔ ግን ይህን ጉዞ ከታላቅ እህቴ ጋር በስልክ ስናቅድ ከርመን የተረዳሁት ረጅሙ በረራ ከሁሉም ቀላሉ መሆኑን ነው። አንድ አየር መንገድ፣ አንድ ቲኬት፣ አንድ ሌሊት፤ አለቀ። ጣጣው የሚጀምረው አገሩ ከተገባ በኋላ፣ ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው በሚታለፍበት ቦታ ላይ ነው። ርካሽ ቲኬትም ዕዳውን የሚያስከፍለው እዚያው ነው።

እህቴ የምትኖረው ዱባይ ነው። "አዲስ አበባ ከመጣሁማ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፤ ለቅሶ ስደርስና ሠርግ ስጠራ ፈቃዴ ያልቃል" ትላለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ዘመድ የሌለበት አገር ፈለግን። ባንኮክ ከዱባይ በቀጥታ በረራ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ከቦሌም ቀጥታ ይበረራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ወደ አርባ ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ እንግዳ ያስተናገደ አገር ስለሆነ ሆቴሉም በረራውም እንደየኪሱ ይገኛል። ችግሩ ምርጫው መብዛቱ ነው።

አስቀድሞ ወረቀቱ። እኛ በሄድንበት ወቅት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የ15 ቀን ቪዛ ያገኝ ነበር። ክፍያው 2,000 ባህት ነበር። በ15 ቀን ውስጥ የሚወጣበት የመመለሻ ቲኬት፣ የሚያርፍበት ቦታ ማስረጃና ቢያንስ 10,000 ባህት የሚያህል ገንዘብ ማሳየት ነበረበት። ይህ ሕግ ስለሚቀያየር ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ይበጃል። ከእኛ አገር የሚነሳ ሰው ግን ከቪዛው በፊት ሌላ ነገር ይጠየቃል፤ ቢጫ ካርድ። የቢጫ ወባ ክትባቱ ከመድረሻው ቀን ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ሱቫርናቡሚ በተባለው የባንኮክ ማረፊያ እንደ ወረዱ፣ ወደ ኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ከመሄድ በፊት፣ የጤና ቁጥጥር የሚል ትንሽ ካውንተር አለ። ብዙ ሰው አልፎት ይሄድና ሰልፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ "ማኅተሙ የታለ?" ተብሎ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ወዲህ ደግሞ የመግቢያ ፎርሙ በኢንተርኔት የሚሞላ ሆኗል፤ ከመድረስ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል፣ ክፍያም የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም፤ ዝጉት።

የስምም ጉዳይ አለ። እኛ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነን፤ የአየር መንገዶቹ ፎርም ደግሞ "የመጀመሪያ" እና "የመጨረሻ" ብቻ ይላል። ቲኬቱ ላይ የሚገባው ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት ቅደም ተከተልና ፊደል ነው፤ ሰው በሚጠራን አይደለም።

ከዚያ ወደ ካርታው መጣን፤ ጠባችንም ከካርታው ጀመረ። እህቴ ፎቶ አይታ ሳሙይ ደሴትን መርጣለች። እኔ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺያንግ ማይ ተራራዎች መሄድ እፈልጋለሁ። ፈቃዷ የሚሰጣት በኅዳር መጨረሻ ነው፤ ነገሩን የወሰነልንም ይኸው ወር ነው። የታይላንድ ደቡብ ሁለት ባሕር ይነካል። በምዕራብ፣ ፉኬትና ክራቢ ያሉበት የአንዳማን ባሕር፣ ዝናቡን የሚቀበለው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በምሥራቅ፣ ሳሙይ ያለችበት ባሕረ ሰላጤ ደግሞ በተራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንብበታል፤ ኅዳር ዋናው ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ ልዩነት፣ አንዱ ዳር ክረምት ሌላው ዳር በጋ ይሆናል ማለት ነው።

"እትዬ፣ በኅዳር ሳሙይ ሄደን ጃንጥላ ይዘን ልንዋኝ ነው?" አልኳት።

"ታዲያ ሰው ሁሉ ፎቶውን የሚያነሳው መቼ ነው?"

"በሐምሌ!"

ዝናቡ ባያሳምናት ዋጋው ያሳምናት ነበር። የሳሙይን አውሮፕላን ማረፊያ የሠራው ባንኮክ ኤርዌይስ የተባለው የግል አየር መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው የመንደር ቤት ጣሪያ የመሰለ፣ አበባ በአበባ የሆነ ቦታ ነው ይላሉ። ፉክክር የሌለበት መስመር ግን ርካሽ አይሆንም። ኪሳቸውን የሚቆጥቡ መንገደኞች ወደ ሱራት ታኒ ይበራሉ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ዶንሳክ ወደብ፣ ከወደቡ በጀልባ። ገንዘብ ይተርፋል፣ ቀን ይጠፋል። ለባሕሩ ፉኬትን፣ ለተራራው ቺያንግ ማይን መረጥን።

አሁን የቀረው ቅደም ተከተሉ ነበር፤ እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን አላደረግንም። የተለመደው ባንኮክን እንደ ጎጆ ምሰሶ መሐል አቁሞ ወደ ሰሜን መሄድ፣ መመለስ፣ ወደ ደቡብ መሄድ፣ መመለስ ነው። ቺያንግ ማይንና ፉኬትን የሚያገናኝ ቀጥታ በረራ ግን አለ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ፉኬት ደግሞ ራሷን የቻለች ዓለም አቀፍ ማረፊያ ስለሆነች ወደ ዱባይ በቀጥታ ይበረርባታል። ስለዚህ እህቴ በባንኮክ ገብታ በፉኬት የምትወጣበት ቲኬት ቆረጠች። እኔ ቲኬቴን አዲስ አበባ በብር ስለገዛሁና አውሮፕላናችን የሚያርፈው ባንኮክ ብቻ ስለሆነ መመለስ ግዴታዬ ነበር። የውስጥ በረራዎቹን በኢንተርኔት የከፈለችው እሷ ናት፤ የእኛን የባንክ ካርድ ለእንዲህ ያለው ግዢ ማብቃት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ይህ ብልሃት ያላሰበው አንድ ነገር ነበረ፤ በርበሬው። ከቦሌ በሚነሳው በረራ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱልኛል። እናታችን ይህን ስትሰማ አንዱን ሻንጣ ወረሰችው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የተፈጨ ቡና። ሁሉም ለእህቴ ነው። እሷ የምትወጣው በባንኮክ ቢሆን ኖሮ ሻንጣውን ሱቫርናቡሚ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ አስቀምጠን በነፃነት በዞርን ነበር። የምትወጣው በፉኬት ነው። ስለዚህ በርበሬው ወደ ቺያንግ ማይ ተራራ ወጣ፣ ከዚያም ወደ አንዳማን ባሕር ወረደ፤ በየበረራው የኪሎ ክፍያ እየተከፈለለት። የውስጥ በረራ ርካሽ ነው የሚባለው ከሰባት ኪሎ የእጅ ሻንጣ ጋር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ዋጋ አለው፤ በኢንተርኔት አስቀድሞ ሲገዛ መጠነኛ ነው፣ ካውንተር ላይ ሲደርስ ቅጣት ይሆናል።

ባንኮክ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ሱቫርናቡሚ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ትልቁ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከዱባይም የሚመጣ የሚያርፈው እዚህ ነው። በመንገደኞች መመዝገቢያው አዳራሽ ቀለማቸው የደመቀ፣ ጥርሳቸው ያገጠጠ፣ ዱላ የተደገፉ ግዙፍ የዘበኛ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ልጆች ሲያለቅሱባቸው አይቻለሁ። ሁለተኛው ዶን ሙዌንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ የሚሠራ ጥንታዊ ማረፊያ፣ ዛሬ የርካሽ አየር መንገዶች ቤት። በሁለቱ ማኮብኮቢያዎቹ መካከል የአየር ኃይሉ የጎልፍ ሜዳ አለ። አውሮፕላናችን ሲንደረደር በመስኮት ኮፍያ ያጠለቁ ሰዎች ቆመው ተራቸውን ሲጠብቁ አየሁ፤ ቀና ብሎ ያየን የለም።

በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው መንገድ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቀጣይ በረራ ቲኬት ለሚያሳይ መንገደኛ ነፃ አውቶቡስ አለ። ግን መንገዱ የባንኮክ መንገድ ነው፤ አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፣ ሁለትም። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ቲኬቶች ደግሞ አይተዋወቁም። የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ሳይጠብቅ ይሄዳል፣ ገንዘቡም አይመለስም። በቲኬት መፈለጊያው ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው ርካሽ አማራጭ ብዙ ጊዜ ይህን የመሰለው ነው፤ በሱቫርናቡሚ ገብቶ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ በዶን ሙዌንግ መውጣት። ቪዛው፣ ቢጫ ካርዱ፣ ሻንጣው፣ አውቶቡሱ ሁሉ በሦስት ሰዓት! መቀጠል ግድ ለሆነበት ሰው መፍትሔው ሁለቱንም በረራ በአንድ ቲኬት መግዛት ነው። የእኛ አየር መንገድና የታይ አየር መንገድ ሁለቱም ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ስለሆኑ እንዲህ ያለው ቲኬት ይገኛል፤ አንዱ ቢዘገይ የማድረሱ ኃላፊነት የእነሱ ይሆናል። እኛ ግን መጀመሪያ ባንኮክ ማደርን መረጥን። ከሱቫርናቡሚ ወደ መሐል ከተማ የሚሄደው ባቡር ከ45 ባህት አይበልጥም፤ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም።

ዶን ሙዌንግ ላይ ያየሁትን ሳልናገር አላልፍም። በመሳፈሪያው በር አንዲት ሠራተኛ ትንሽ ሚዛን ይዛ ቆማለች፤ ፈገግታዋ አይጠፋም፣ ምሕረትም አታውቅም። ከፊታችን የነበረው ወጣት ቦርሳው ዘጠኝ ኪሎ መጣ። ከቦርሳው ሹራብ አውጥቶ ለበሰ፤ በላዩ ጃኬት ደረበ፤ መጽሐፍ በብብቱ ሸጎጠ፤ ሁለት ባትሪ ቻርጀር በኪሱ ከተተ። ስምንት ሆነ። ጫማ ቀየረ። ሠራተኛዋ ቁጥሩን አየች፣ እሱን አየችው፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል፤ በእጇ እለፍ አለችው። ከጎኑ ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ መነኮሳት ለእነሱ በተለየው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩታል። አንደኛው ሳቁን መደበቅ አቅቶት ነበር።

ሰዓቱ ደግሞ ለእኛ ሰዎች ልዩ ወጥመድ ነው። ከቦሌ ወደ ባንኮክ የሚነሳው በረራ በእኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ለምሳሌ ቲኬቱ "ዲሴምበር 5፣ 00:10" ካለ ለእኛ ገና የኅዳር 25 ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ቀኑን ብቻ አይቶ በ26 ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ባንኮክ ገብቶ፣ መንገደኛው እራቱን በልቶ ያገኘዋል። የሚገርመው፣ ታይላንዶችም በልማድ ንግግራቸው ምሽቱን የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው፤ ፈረንጅ ሰባት የሚለውን አንድ፣ ስምንት የሚለውን ሁለት ይላሉ። ዓመታቸው ግን በቡድሃ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ543 ይቀድማል፤ ወተት የገዛ ሰው የማብቂያ ዓመቱን ሃያ አምስት መቶ ምናምን ብሎ ቢያነብ አይደንግጥ።

ቺያንግ ማይ ለጉዞ አቃጅ የተመቸች ናት፤ ማረፊያው ከአሮጌው ከተማ አጥር አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የባቡር ወዳጆች ከባንኮክ የሌሊቱን ባቡር ይይዛሉ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ። ሁለት ወቅት ግን ልብ ይሏል። በኅዳር ሙሉ ጨረቃ ላይ ሕዝቡ የወረቀት ፋኖስ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ የምሽት በረራዎች በብዛት ይሰረዛሉ ወይም ይሸጋሸጋሉ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ የእርሻ ቃጠሎ ጭስ ተራራውን ይሸፍነዋል። እኛ በሁለቱ መካከል ገባን። እዚያ ተራራ ላይ የሚበቅለውን አረቢካ ቡናም ጠጣን፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው የጊዜው ንጉሥ ፕሮጀክት ገበሬውን ከኦፒየም ለማላቀቅ ካስፋፋቸው ሰብሎች አንዱ ነው። እህቴ ቀምሳ ዝም አለች። ጀበና ብታገኝ ሻንጣውን እዚያው ትከፍተው ነበር።

ፉኬት ላይ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው፤ ዋናተኞች አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩን ይታያል። በረራው ያበቃል፣ ጉዞው አያበቃም። ማረፊያው በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ስለሆነ ብዙ ሆቴል ወዳለበት ወደ ፓቶንግ ሌላ አንድ ሰዓት ገደማ የመኪና መንገድ አለ። ከደሴቲቱ የሚነሳ ሰው ይህን አስቦ መቁጠር አለበት። እህቴን በርበሬዋን አስይዤ ወደ ዱባይ ከሸኘሁ በኋላ እኔ ወደ ባንኮክ የተመለስኩት ከአዲስ አበባው በረራ አንድ ቀን ቀድሜ ነው፤ ለረጅሙ በረራ ዋዜማውን ባንኮክ ማደር ከማናቸውም የጉዞ ዋስትና ይረክሳል።

ሚያዝያን ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ከኤፕሪል 13 እስከ 15 የታይላንዶች አዲስ ዓመት ሶንግክራን ነው፤ አንዳንድ ዓመት ከፋሲካችን ጋር ይገናኛል። ያን ሳምንት አገሩ ሁሉ ወደየቤተሰቡ ስለሚጓዝ የውስጥ በረራ ቲኬት ቀድሞ ካልተያዘ ዋጋው አይቀመስም። በክረምት፣ በሐምሌ ፈቃድ የምትወጡ ግን ፉኬትን ተዉትና ዋጋውን ችላችሁ ሳሙይ ሂዱ፤ በዚያ ወር ዝናቡ የሚበረታው በአንዳማን በኩል ነው።